ቀጥ ያለው ግንብ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሁለት ወር ዘግይቶ መጣ። ሲመጣም የዓመቱን ሁሉ በሦስት ቀን አወረደው። የኮረብታው ላይኛው እርሻ ዘሩን ከነአፈሩ አጣ፤ የታችኛው በአሸዋና በጠጠር ተቀበረ። ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። በአራተኛው ወር ከግርጌ ያለው የውሃ ጉድጓድ ደረቀ። ሰው ለአንድ እንስራ ውሃ ግማሽ ቀን ሄደ። አሥራ አንድ ቤተሰብ በሩን ቆልፎ ወደ ከተማ ወረደ። የተመለሰ የለም።

ግንበኛው አልሄደም። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ የሚሄድበትም አልነበረው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ አገሩ ሁሉ «ግንበኛው» ይለዋል። በአካባቢው ካሉት የድንጋይ ቤቶች ግማሹን የሠራው እርሱ ነው፤ አንዱም አልተሰነጠቀበትም። «ሰውም ግንብም ቀጥ ካላለ ይወድቃል» ይል ነበር፤ ከዚህ ሌላ ብዙ አይናገርም።

ከሠራው ሁሉ ግን የሚኮራበት አንድ ነው። አባቱ ሲሞት ኮረብታው ለሁለት ተከፈለ፤ ላይኛው ለእርሱ፣ ታችኛው ለታናሽ እህቱ። በወሰኑ ላይ፣ የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ አፈሩን ይይዝልኛል ብሎ ግንብ ሠራ። ርዝመቱ መቶ አርባ እርምጃ፣ ከፍታው እስከ ወገብ። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፤ ድንጋይ ከድንጋይ ተናክሶ የቆመ ነው። ከአንዱ ጫፍ ሆኖ በአንድ ዓይን ያየው ሰው የተወጠረ ሲባጎ ያየ ይመስለዋል።

ከግንቡ ምሥራቃዊ ጫፍ ሥር፣ በእህቱ መሬት ላይ፣ አንድ ቦረቦር ተጀመረ። መጀመሪያ ስንዝር ነበር። ቀጥሎ ፍየል የሚዘለው ሆነ። ቀጥሎ ላም ገብታበት ሞተች። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የእህቱ ባል መጥቶ፣ «ወንድሜ፣ ግንብህ መሬታችንን እየበላው ነው» አለው።

«ግንብ ጥርስ የለውም» አለ ግንበኛው። «የሰማይ ቁጣ ነው። ከፈጣሪ ጋር ተነጋገር።»

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። አማቹ ሞተ፤ ግንበኛው ከቀባሪው ኋላ ቆሞ ቀብሮ፣ እህቱን ቀና ብሎ ሳያይ ተመለሰ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር የወጋውም አልረሳም ነበር። አሁን ቦረቦሩ ከእህቱ ቤት ግድግዳ ስምንት እርምጃ ቀርቶታል። በሚቀጥለው ዝናብ እርሷም በሯን እንደምትቆልፍ ሁሉም ያውቃል።

አንድ ጠዋት ግንበኛው ከግንቡ የወደቀ ድንጋይ ሲመልስ፣ አንዲት ወጣት በግንቡ ጥግ ጥግ ስትመጣ አየ። በትከሻዋ የተጠቀለለ የላስቲክ ቱቦ፣ በእጇ ሁለት ምልክት የተደረገባቸው እንጨቶች ይዛለች። ስትቀርብ አወቃት። ለትምህርት ሄዳ አምስት ዓመት የቆየች የእህቱ ልጅ ናት። ሌላ መንገድ ስላልነበረ መሸሽ አልተቻለም።

«እንደምን አደሩ አጎቴ?»

«ደህና። አንቺ ነሽ እንዴ? አድገሻል።»

«እርስዎ ደግሞ አላረጁም፤ ግንቡም እንደ ጌታው ነው።»

ደስ አለው፤ ግን አላሳየም። «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ቱቦ መሸጥ ጀመርሽ?»

«የአፈርና የውሃ ጥበቃ ኮሚቴ ባለሙያ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ኮረብታውን ከአናቱ እስከ ግርጌው እንለካለን።»

«ኮሚቴ!» አለና ድንጋዩን አስቀመጠ። «ስንት ኮሚቴ አይቻለሁ መሰለሽ። ይሰበሰባሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ቀን ይቆርጣሉ። ውሃ ቢወቅጡት ያው እንቦጭ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ መጥተው ችግኝ አስተከሉን፤ ቆጥረው፣ ፎቶ አንስተው ሄዱ። ችግኙን ፍየል በላው። ፍየሉን እኛ በላነው። እንግዲህ ትርፋችን እርሱ ነው።»

ልጅቱ ሳቀች። «እርስዎ አልዋሹም። ያኔ የመጡት የችግኝ ብዛት ተነግሯቸው ነው የመጡት፤ ገበሬውን የጠየቀ የለም። አሁን ግን በኮሚቴው ውስጥ ከእርሻ መሥሪያ ቤት አንድ፣ ከውሃ መሥሪያ ቤት አንድ፣ ከአስተዳደሩ አንድ ሰው አሉ። የቀሩት አራቱ እናንተው የመረጣችኋቸው ገበሬዎች ናቸው።»

«ታዲያ ኮሚቴ መቼ ይቆፍራል?»

«አይቆፍርም። የሚቆፍረው ባለመሬቱ ነው። ኮሚቴው ልኬት ይሰጣል፣ ዶማና መዶሻ ያመጣል፣ ሽቦ ይገዛል፣ ችግኝ ጣቢያውን ይጠብቃል። ከሁሉ በላይ ግን ውሃ የሰው ወሰን አያውቅም፤ ከእርስዎ መሬት ወጥቶ ከሌላው ሲገባ ሁለቱን አስቀምጦ የሚያነጋግር ያስፈልጋል። ለብቻው የሚሠራ ሰው ውሃውን አያቆመውም፤ ወደ ጎረቤቱ ይገፋዋል እንጂ።»

ይህ የመጨረሻው ቃል የት እንደተወረወረ ግንበኛው ገባው። ፊቱ ጠቆረ።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

«እናቴ እንኳን ሰው ልትልክብዎ፣ ስምዎን ካነሳች ዘመን አልፏል። የላከኝ ኮሚቴው ነው።»

«እንግዲያው ለኮሚቴው ንገሪልኝ። እዚያ ማዶ የጀመራችሁትን እርከን አይቼዋለሁ፤ የሰካራም መንገድ ነው፤ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ። እኔ ሃምሳ ዓመት በሲባጎ ሠርቻለሁ። እንደዚያ ያለ ግንብ ብሠራ ሥራውን ያስተማረኝ ጌታዬ ጥፊ ያቀምሰኝ ነበር!»

 ልጅቱ ቱቦውን ከትከሻዋ አውርዳ ዘረጋችው። ውስጡ ውሃ ሞልቷል።

«ይህን ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀው! ውሃ ልክ ነው። ስንት ቤት መሠረት አወጣሁበት!»

«ይዋሻል?»

«ሰው ይዋሻል፤ ሲባጎ ይረግባል፤ ውሃ ልክ አይዋሽም።»

«እርሻዎ ላይ ይዘውት ያውቃሉ?»

ግንበኛው ቱቦውን ዳሰሰው። ቤት ላይ ሃምሳ ዓመት የያዘውን መሣሪያ እርሻ ላይ አንድ ቀን አልያዘውም ነበር። ወሰን ወሰን ነው፤ ሲባጎ ወጥሮ የወሰኑን ድንጋዮች አገናኘ፤ ከዚያ ሌላ ምን ይለካል? በዚያ ቁልቁለት ላይ ለቆመ ሰው ደግሞ ግንቡ ያጋደለ አይመስልም ነበር። ኮረብታ ላይ ዓይን ይሳሳታል። የሚያሳዝነው፣ አገሩ ሁሉ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ሰው ሁሉ አጥሩን በወሰኑ ላይ ቀጥ አድርጎ ሲያቆም፣ ውሃ የት ቀጥ ብሎ እንደሚተኛ የጠየቀ አልነበረም።

«አንዱን ጫፍ ይያዙልኝ» አለችው።

ያዘ። እርሷ ቱቦው እስኪወጠር ድረስ በግንቡ ሥር ወደ ምሥራቅ ሄደች። በሁለቱ ጫፎች ያለው ውሃ ወጣ፣ ወረደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም ቆመ። እርሷ ጋ ውሃው ከእንጨቱ ምልክት ብዙ ከፍ ብሎ ነው የቆመው። አንድ ክንድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

«ጻፊው» አለ ግንበኛው። ድምፁ ተለውጧል።

አሥራ አንድ ጊዜ ተከሉ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ለኩ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አረጋገጠ፤ ልጅቱ አልተቆጣችም። ከግንቡ ጫፍ ሲደርሱ ደምራ ነገረችው፤ ከምዕራብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ አራት ሜትር ከሃያ ይወርዳል። ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም አይሞላውም። ግንቡ አፈር የሚይዝ ግንብ አልነበረም። ከላይኛው እርሻ የሚወርደውን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ፣ መቶ አርባ እርምጃ አስሩጦ፣ በአንድ ጥግ በእህቱ መሬት ላይ የሚደፋ አሸንዳ ነበር። ቀጥ ብሎ የተሠራ፣ እንከን የሌለው አሸንዳ።

ግንበኛው ከቦረቦሩ አፋፍ ላይ ቁጭ አለ። ቁልቁል ሲያይ የእህቱ ቤት ታየው።

«ባልዋ ነግሮኝ ነበር» አለ። «ግንብ ጥርስ የለውም አልኩት።»

«አውቃለሁ። እናቴ እስከ ዛሬ ትደግመዋለች፤ እየሳቀች ነው የምትደግመው። ሳቋን ግን አልወደውም።»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት መሬቷን በላሁባት። ይህን ዕዳ በምን እከፍላለሁ? መሬት ከገበያ አይገዛ።»

«ነገ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ይምጡ።»

መጣ። ስብሰባው በእህል መጋዘኑ ውስጥ ነበር፤ አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ ጠረጴዛ። ሻይ አልነበረም፤ ይህንን አስተውሏል። እህቱ ከፊት ተቀምጣለች። ከኋላ ቆመ።

በጠረጴዛው ላይ የኮረብታው ካርታ ተዘርግቶ ነበር። ሰብሳቢው ቀረብ ብሎ እንዲያይ ጋበዘው። ሕይወቱን ሙሉ የረገጠውን መሬት ከላይ አይቶት አያውቅም። የእርሱ እርሻ የአውራ ጣት ጥፍር አያክልም። ውሃው ሁሉ ግን ተስሎ ነበር፤ ከአናቱ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ይነሳሉ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጋጠማሉ፣ ይወፍራሉ፣ እስከ ደረቀው ጉድጓድ ይደርሳሉ። የቅጠል ጀርባ ይመስላል። አንዱም መስመር የማንንም ወሰን አላከበረም። ግንበኛው ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ አላወቀም።

«ይህ ሁሉ አንድ ነው?» አለ።

«አንድ ተፋሰስ ነው» አለ ሰብሳቢው። «ላይ ያለው ካልጀመረ ታች ያለው የሚሠራው ከንቱ ነው። እርከኑ ከአናቱ ተነስቶ ይወርዳል። የእህትዎ ቦረቦር ግን ውሃውን በየደረጃው የሚያግድ አሥራ ሁለት የድንጋይ ክትር ይፈልጋል። ሽቦው ከመንግሥት መጥቷል። ድንጋይ የለንም። ከወንዝ ማዶ እናምጣ ብንል ዝናብ ይቀድመናል።»

«ግንቡን አፍርሱ ብላችሁ እዘዙኛ! መንግሥት አይደላችሁ?»

«ባለቤቱ ካልፈቀደ ኮሚቴው አንድ ጠጠር አያነሳም። ያለፈው ጊዜ ያለ ፈቃድ የተሠራውን ባለመሬቶቹ በሌሊት አፈረሱት።»

በቤቱ ያለው ወደ ግንበኛው ዞረ። ሰው ሁሉ ያንን ግንብ ያውቀዋል። እህቱ ብቻ ዞር አላለችም።

«የኔ ግንብ» አለ ግንበኛው፣ «ለአሥራ ሁለት ክትር ይበቃል። ይተርፋልም።»

ከአንዱ አግዳሚ፣ «እንዴ! ግንበኛው ግንብ ሊያፈርስ?» የሚል ተሰማ።

«የሠራ እጅ ሲያፈርስ ድንጋይ አይሰበርም» አለ። «ሌላ ሰው እንዳይነካው።»

ከማግስቱ ጀምሮ ከምሥራቁ ጫፍ ማፍረስ ያዘ። ድንጋዩን ሰው ይቀባበልና በሽቦው ቅርጫት ውስጥ እርሱ ራሱ ይደረድረዋል። ክትሮቹን ዳርና ዳራቸውን ከፍ፣ መሐላቸውን ዝቅ አድርጎ አነጻቸው፤ ውሃው በመሐል እንዲያልፍ፣ ጎኑን እንዳይበላ። ይህን ያሳየችው ልጅቱ ናት። «እኔ ነኝ ግንበኛው ወይስ አንቺ?» ሲላት፣ «እርስዎ ግንበኛ ነዎት፤ እኔ የውሃው ጠበቃ ነኝ» አለችው።

በላይኛው እርሻ ላይ ደግሞ ውሃ ልኩ ባመለከተበት እርከኑ ተሠራ፤ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ። የመጀመሪያውን ቀን ሲሠራ እጁ እምቢ አለው። አርባ ሰው በኮረብታው ሁሉ ላይ ተሰልፎ በአንድ ልክ ሲቆፍር ቀና ብሎ አየና ዶማውን መልሶ አነሳ። ሃምሳ ዓመት ቤት ሲሠራ፣ ኮረብታ ሲሠራ አይቶ አያውቅም።

ዝናቡ በሚቀጥለው ዓመት በወቅቱ ገባ፤ ኃይለኛ ነበር። ግንበኛው ጆንያ ተከናንቦ ወጣ። ድሮ በእንዲህ ያለ ቀን ከግንቡ ጥግ እንደ አውሬ የሚያገሳ ድምፅ ይሰማ ነበር። አሁን ማግሳት የሚባል ነገር የለም። ውሃው ከእርከኑ ኋላ ተኝቶ ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በእያንዳንዱ ጥምዝ፣ እኩል። ሳይሮጥ፣ ሳይጮህ። እንደ ውሃ እያሳሳቀ ወሰደኝ ይባላል፤ ይህኛው ማንንም የሚወስድ አይመስልም። ከእርሻ እርሻ፣ ከእርከን እርከን፣ መላው ኮረብታ ሰማይን ይዞ ቆሞ ነበር። ቀስ እያለ መሬቱ ጠጣው። ግንበኛው በዝናቡ ውስጥ እስኪያባራ ቆሞ ቀረ። «ለካ ሊያርፍ ነበር የሚፈልገው» አለ። የሰማው የለም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ኮሚቴው መዝግቦታል፤ ማንም ሄዶ ሊያየው ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ክትሮቹ ከጉልበት በላይ ደለል ያዙ። በሁለተኛው ዓመት የግርጌው ጉድጓድ በደረቁ ወራት አልነጠፈም። ከሄዱት አሥራ አንድ ቤተሰቦች አራቱ ተመለሱ። በእርከኑ ላይ የተተከለው ሣር ለከብት ሆነ፤ ፍየሎች እንዳይገቡበት ገበሬው ራሱ ደንብ አወጣ፤ ኮሚቴውም ደንቡን አጸናው። መንግሥት ብቻውን ይህን አይሠራውም፤ ገበሬም ብቻውን ሞክሮት ጎረቤቱን ነው ያፈረሰው። የሚያውቀው ከሚቆፍረው ጋር፣ የላዩ ከታቹ ጋር ሲቀመጥ ግን አፈር እንኳ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በሦስተኛው ዓመት መዝሪያ ላይ እህቱ ሰው ላከችበት። ወረደ። ቦረቦሩ ከነበረበት ዳር ቆማለች፤ በነጠላዋ ጫፍ የባቄላ ዘር ቋጥራለች። ቦረቦሩ የለም። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ከላይ ከእርሱ እርሻ የወረደ አፈር እስከ አፋፉ ሞልቶታል።

«ጋሼ» አለች። በአሥራ አራት ዓመት የመጀመሪያዋ ቃል ነበረች።

«አቤት።»

«እዚያ ማዶ ዘርቼ አላውቅም። ባሌ መሰላል ጥሎ ነበር የሚሻገረው።»

ጫማዋን አወለቀችና ዘሩን እየበተነች በመሐሉ አለፈች። መሬቱ ያዛት። ከማዶ ደርሳ ዞር አለች።

ግንበኛው ባለበት ቆሞ፣ «ከዕዳዬ ስንት ይቀርብኛል?» አለ።

እህቱ ከእግሯ ሥር አፈር ዘገነች፤ ጨብጣ አየችው፤ ለቀቀችው።

«ምንም» አለች። «ተሻገር፤ በዚህኛው በኩል አንተ ዝራ።»