ሲስተር ቀድሪያና አመድማው ነጥብ

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የሲስተር ቀድሪያ ቤተሰቦች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ በዛሬው የሲስተር የጡረታ ሽኝት እኔ እንድናገር የመረጠችኝ አስተባባሪያችን እስከዳር ናት። ከመረጠችኝ በኋላ ደግሞ ፈራች መሰለኝ፣ ቅድም በር ላይ ጠብቃ "ጋሽ ፍሥሐ፣ እባክዎ ለዛሬ እንኳ አይቆጡ" ብላኛለች። እሞክራለሁ። ቃል ግን አልገባሁም።

ሲስተር ቀድሪያ መጀመሪያ ወደዚህ የጤና ቢሮ የመጡ ዕለት የነበርን ሰዎች ዛሬ ጥቂት ነን። ከይጁቤ በጠዋቱ ሚኒባስ መጡ። የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን አቶ አወቀ በር ላይ ቆመው ተቀበሏቸውና እንደ ወጋችን "እንደምን አደሩ፣ ሰላም ነዎት፣ ቤተሰብ ደህና ነው?" አሏቸው። አዲስ የመጣ ሠራተኛ ለዚህ ምን እንደሚመልስ ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ግን ጥያቄውን የእውነት ጥያቄ አድርገው ወሰዱት። "አልሐምዱሊላህ። ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል። ልጄ ሲያስል ስላደረ አልተኛሁም። የሚኒባሱም ወንበር ሞላው ወጥቶ ጎኔን ሲወጋኝ ነው የመጣሁት። እርስዎስ?" አሉ።

አቶ አወቀ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። በሕይወታቸው እንደዚያ ተጠይቀው የሚያውቁ አልመሰለኝም። ትንሽ አሰቡና "እኔ እንኳ... ጨጓራዬን ነው" አሉ። ስንት ዘመን አብሬያቸው ስሠራ ጨጓራ እንዳለባቸው የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የዚህ ቢሮ ሰው ሰላምታ ፈራ። ሲስተር "ደህና ነህ?" ካሉ መልሱን ቆመው ይጠብቃሉ። አማረ ሾፌራችን አሁን እየሳቀ ነው፤ ግን በዋናው በር መግባት ትቶ በጄኔሬተሩ ቤት በኩል ይዞር የነበረው እሱ ራሱ ነው። ቴርሞሜትራቸውንስ የማያውቅ አለ? የክትባቱ ፍሪጅ ግንባሩ ላይ አራት ዲግሪ ብሎ ጽፎ ሳለ፣ እሳቸው የራሳቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ይከቱበታል። በእስከዳር ሠርግ ላይ ለስላሳው አልቀዘቀዘም ተብሎ ሲጉረመረም፣ የሐር ልብሳቸውን እንደለበሱ ተነሥተው ማቀዝቀዣውን ለክተው "ዐሥራ አንድ ነው፣ ሰዎቹ እውነታቸውን ነው" ያሉትን ሙሽራዋ ራሷ ትመሰክራለች።

በቃ፣ ስቀናል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ግን የማያነሣው ነገር አለ። ከሰኞ ጀምሮ የሲስተር ወንበር የእኔ ነው። ከወንበሩም ጋር የክትባት መተግበሪያው የማስተካከያ ገጽ ቁልፍ ለእኔ ይተላለፋል። በዚያ ገጽ ላይ መጀመሪያ እንድሠራ የተጠየቅሁት ደግሞ እሳቸው ያስገቡትን አንድ ቀለም እንዳወጣ ነው። የጠየቁኝ የአሁኑ ኃላፊያችን አቶ አንተነህ ናቸው፤ ከፊቴ ተቀምጠዋል። የሚሉትም ካርታችን ከሌሎች ዞኖች ካርታ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ያሳፍራል ነው። እንግዲህ ስለዚያ ቀለም ልናገር።

ቤተሰቦቻቸው እንድትረዱት ከመጀመሪያው ልጀምር። ክትባት ከቅዝቃዜው ከወጣ ውኃ ነው። ልጁን ትወጋዋለህ፣ እናቱ ተከተበልኝ ብላ ትሄዳለች፣ በሽታው ሲመጣ ልጁ ባዶውን ነው። በየጤና ጣቢያው ያለውን ፍሪጅ ከዚህ ሆነን እንድንከታተል ተብሎ መተግበሪያው ሲመጣልን፣ በካርታው ላይ ለእያንዳንዱ ፍሪጅ አንድ ክብ ነጥብ ነበረው። አረንጓዴ ደህና ነው፣ ቢጫ ያሠጋል፣ ቀይ ሞቷል። ቀለሙን የሚመርጠው የጣቢያው ሠራተኛ ነው፤ ስልኩን ከፍቶ ይጫናል። ያሠለጠነን ወጣት ትሑት ልጅ ነበር። ሲስተር እጃቸውን አወጡ።

"ወሬ ካልመጣ ነጥቡ ምን ይሆናል?"

"የመጨረሻውን ቀለም እንደያዘ ይቆያል፣ ሲስተር።"

"እስከ መቼ?"

"ሌላ መልእክት እስኪመጣ።"

"ፍሪጁ ከነጣቢያው ቢቃጠልስ?"

ልጁ አሰበ። "ከተቃጠለማ መልእክት የሚልክ የለም። ስለዚህ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል።"

"የሞተ ሰው ሁልጊዜ ጤነኛ ነው በለኛ" አሉት።

እንደዚያ ሆኖ ሥራው ተጀመረ። ወሩ አለቀ፤ ካርታው ላይ አንድም ቀይ የለም። አቶ አወቀ ደስ አላቸው። እኔ ተናደድሁ፣ ምክንያቱም ፍሪጆቹን አውቃቸዋለሁ። ሲስተር አልተናደዱም፤ ካርታው ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡና ቢጫዎቹን ማየት ጀመሩ። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ የአንድ ጤና ጣቢያ ነጥብ ቢጫ እንደሆነ ሰንብቷል። የክትባቱን ፍሪጅ የሚጠብቀው ይስማው የሚባል ሠራተኛ ነበር። ደወሉለት፤ ድምፁን ከፍተውት ነበርና ሁላችንም ሰማን።

"ይስማው፣ ፍሪጁ እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲስተር። ትንሽ አሞታል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እንግዲህ... ሰንበትበት ብሏል።"

"አሁን እጅህን ብትከትበት ይቀዘቅዝሃል?"

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ሲስተር፣ መርዶ እኮ በስልክ አይነገርም" አለ።

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው በጭንቅላቴ ተጽፎ አልቆ ነበር። ዛሬም ይገባው ነበር ባይ ነኝ። ሲስተርም አልሳቁም። "ልክ ነህ" አሉት። "ነገ በማለዳ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ትነግረኛለህ።"

ሄዱም። አማረ ነው የወሰዳቸው። ይስማው ጣቢያው ደጃፍ አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው፣ ከጎናቸውም ተቀመጠ፣ እንደ ደንቡ ወዲያና ወዲህ ተጫወቱ፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ፍሪጁ መሞቱን ነገራቸው። እሳቸውም የሞተበት ሰው እንደሚጽናና አጽናኑት። ክትባቱን አብረው አወጡ፣ አስወገዱ፣ ተመለሱ።

እኔ ያ ሰው ዋሽቷል አልሁ። እሳቸው "አልዋሸም" አሉኝ። "ፍሥሐ፣ አባትህ የሞቱ ዕለት ምን ብለው ነው የጠሩህ?" ትንሽ አሟቸዋል ተብዬ ነው የተጠራሁት። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራው። "እኛ ጨዋ ሰዎች ነን። ለጨዋ ሰው ቀዩን ተጫን ካልከው መርዶ አርዳ ማለትህ ነው፤ አይችልም። ስለዚህ ቀዩን ከሰው ላይ እናንሣለት" አሉ።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርሁትም ሆነ በሥራ ያየሁት፣ ሰው ስሕተት ሲሠራ ሰውን ማረም ነው። የሰውን ጨዋነት እንዳለ ተቀብሎ ማሽኑን የሚያርም ሰው ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ማስተካከያ ገጹን ከፈቱ። ቀለም መምረጫውን ከሠራተኛው ስልክ ላይ አነሡት። ሠራተኛው ጠዋትና ከሰዓት ከቴርሞሜትሩ ያነበበውን ቁጥር ብቻ እንዲጽፍ አደረጉ፤ ቀለሙን መተግበሪያው ራሱ ይመርጣል። "ቁጥር መርዶ አይደለም" አሉ። ቢጫንም ማደሪያ ከለከሉት፤ በሚቀጥለው ንባብ ወደ አረንጓዴ ካልተመለሰ በራሱ ጊዜ ቀይ ይሆናል። ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ነው። አረንጓዴው እንዲያረጅ አደረጉት።

እንዴት አረንጓዴ ያረጃል? እኔም ጠየቅሁ። አባታቸው ይጁቤ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ከሱቁ ደጃፍ የተሰቀለው ጨርቅ ፀሐይ ሲበላው ይደበዝዛል፤ ገዢው ግን ያንኑ ይመርጣል፣ የሚያየው እሱን ነዋ። አባትየው "ይኼ ለዓይን ነው፤ የሚለበሰውን ከውስጥ ላውጣልህ" ይሉ ነበር አሉ። እንግዲህ ሲስተርም በካርታው ላይ የጠዋት አረንጓዴ ከሰዓት እንዲደበዝዝ አደረጉ። ቁጥር ካልመጣ ይበልጥ ይደበዝዛል፣ ቀን ካለፈው ቀለሙ ጨርሶ ይወጣና አመድማ ይሆናል። የማስተካከያው ገጽ ግራጫ ይለዋል፤ እሳቸው አመድማ አሉት፣ እኛም ተከተልን። ትርጉሙ አንድ ነው፦ አላውቅም። ደንቡም ከጎኑ ተጻፈ፤ ለአመድማ ስልክ አይደወልም፣ መኪና ይነሣል። ስልክ ከተደወለማ ደህና ነው መባሉ አይቀርም።

ከዚያ የመተግበሪያው ምርቃት ቀን መጣ። እንግዶች ከላይ መጥተዋል፣ ካርታው በግድግዳው ልክ ተዘርግቷል። ከተራራው በኩል ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር ጮቄ ዙሪያ አመድ የተነሰነሰበት መስሏል። አቶ አወቀ ጎንበስ ብለው "ሲስተር፣ ለዚህች ሰዓት ብቻ አረንጓዴ ያድርጉልኝ፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ይመልሱታል" አሏቸው። አጠገባቸው ነበርሁ። ሲስተር ተነሡና ወደ ካርታው ሄዱ፣ እጃቸውን አመዱ ላይ አድርገው "የተከበራችሁ እንግዶች፣ ይህ ቀለም አላውቅም ማለት ነው። ከእነዚህ ጣቢያዎች ከትናንት ጀምሮ ወሬ የለኝም። ደህና ናቸው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም" አሉ።

ስብሰባ ላይ ፀጉሬ ሸብቷል። ወንበር ያለው ሰው በገዛ ፈቃዱ ቆሞ አላውቅም ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። በሳምንቱ ከቡድን መሪነት ተነሥተው ወደ መጋዘኑ ጥግ ተዛወሩ። አላማረሩም፤ ሰላምታ ሲሰጧቸው ብቻ "ቅር ብሎኛል" ብለው በእውነት ይመልሱ ነበር።

እሳቸው መጋዘን ሳሉ ነው ያ በረዶ የወረደው። ከተራራው ሥር ካሉት ነጥቦች አንዱ አመድማ ሆነ። ደንቡ ደንብ ነውና አማረ ባልደረቦቻችንን ጭኖ መኪና አስነሣ፤ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር የቀረውን በበቅሎ ሄዱ። በረዶው ፍሪጁን የሚያሠራውን የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሰባብሮታል፣ ጠባቂው ኔትወርክ የለውም፣ ፍሪጁ መሞቅ ጀምሯል። ግን ክትባት የሚበላሽበት ስምንት ዲግሪ ገና አልደረሰም። ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አዛውረው አወጡት፤ በማግስቱ የኩፍኝ ዘመቻው በዚያው ክትባት ተካሄደ። ጎረቤት ቀበሌ ኩፍኝ ገብቶ ነበር። እዚያ አልገባም። ሲስተርም ከዚያ በኋላ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

በድሮው ደንብ ቢሆን ያ ነጥብ አረንጓዴ ነበር። ማንም አይሄድም። ልጆቹ ይወጋሉ፣ እናቶቹ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። እኔ በዚያ በኩል ለሥራ ባለፍሁ ቁጥር ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ አያለሁ፤ ይሯሯጣሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ መኪናችን ላይ ይንጠለጠላሉ። ምን እንዳልደረሰባቸው አያውቁም። የሚያመሰግኑት ሰው መኖሩንም አያውቁም። ላልደረሰ ነገር ሐውልት አይቆምም። ሲስተር ቀድሪያ፣ የእርስዎ ሥራ እንግዲህ ይህ ነው፤ እኔ በቀላሉ የማልደነቅ ሰው ነኝ፣ እርስዎ ግን ሲያስደንቁኝ ኖረዋል። ይህን ሰው ፊት ለመናገር ጡረታዎን መጠበቅ አልነበረብኝም፤ ነገር ግን ቢሮው ምስጋናን ለሽኝት የሚያስቀምጥ ቢሮ ነው። አመሰግናለሁ። ስለ ይስማውም አመሰግናለሁ፤ ዛሬ እዚያ ጥግ ተቀምጧል፣ የጣቢያውም ኃላፊ ሆኗል።

አሁን ብርጭቆ እናንሣ። ሁላችንም አብረን እንድንጠጣ ብርዝ ነው የተቀዳው።

ቆዩ፣ ገና አትጠጡ። አቶ አንተነህ፣ እርስዎም ብርጭቆዎን አንሥተዋል። አመድማው ነጥብ ሰኞ ይነሣ ወይስ ይቆይ? እኔ በበኩሌ አላነሣውም፤ ሌላ ሰው እንዲያነሣው ካዘዙም መጀመሪያ እኔን ከወንበሩ ያንሡኝ። ይህን የምለው በንዴት አይደለም፤ እስከዳር ትመስክር፣ ድምፄ ዝቅ ብሏል። ካርታችን የሚያሳፍር ከሆነ እፍረቱ የመንገዱና የኔትወርኩ ነው፤ እሱን አብረን እንሞግት።

ዝም አሉ። ዝምታ እሺታ ነው የሚባል ወግ አለን። እኔ ግን በእኚህ ሴትዮ ሥር የሠራሁ ሰው ነኝና ዝምታን አረንጓዴ ብዬ አልመዘግብም። በአፍዎ ይበሉት።

"ይቆይ።"

ከኋላ ያላችሁ አልሰማችሁም፤ ይቆይ ብለዋል። አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ። ከባድ ነበር፣ አውቃለሁ።

ሲስተር ቀድሪያ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ጉልበትዎን ይማርልዎ። ከልጅ ልጆችዎ ጋር ደስ ይበልዎ። ደስ ካላለዎትም እንደ ልማድዎ በግልጽ ይንገሩን፤ መጥተን እንሰማለን። ለሲስተር ቀድሪያ፤ እንጠጣ።