የሲሬው ዘንዶ አሠልጣኝ

ሲሬ መናኸሪያ አንድ ሰውዬ፣ ጭራው ነቀምት ሊደርስ ትንሽ የቀረው ዘንዶ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ «አሠልጥኜዋለሁ፤ ውረድ ስለው ይወርዳል» እያለ ይፎክራል። «እስቲ እኔ ላይ አድርገውና እዘዘው» አልኩት፤ አፌ መቼ ያርፋል። አደረገልኝ። በአማርኛ «ውረድ» አለው፤ በኦሮምኛ «ገዲ ቡኢ» አለው። ዘንዶው ግን ጋቢዬ ሞቆት ጭራሽ እንደ መቀነት ጠበቀብኝ። የምሳፈርበት አውቶቡስ ጡሩንባውን ይነፋል። «የታለ ሥልጠናው?» አልኩት በቀጭን ድምፅ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አባኮ፣ የሰው ገላ ለመደ እንጂ ምንም አልተማረም። አይነቃነቁ፣ አይናገሩ፤ ሲሰለቸው ይወርዳል» አለኝ። አልተነቃነቅሁም፤ አልተናገርኩም። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ። ዘንዶው ሲሰለቸው ወረደ፤ ሕዝቡም ለሰውዬው አጨበጨበለት። እውነትም አሠልጣኝ ነው፤ ቁም ሲለኝ የቆምኩት፣ ዝም በል ሲለኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።