ከአማቴ ከንፈር አጠገብ የነበረው ሰንጢ

አዳማ አንድ ሥጋ ቤት ከአማቴ ጋር ጥሬ ሥጋ እየበላን ነው። አብሮን የተቀመጠው የሚስቴ ወንድም ከውጭ ያመጣላቸውን ውድ ሰንጢ ዘርግተው፣ ሥጋውን በጥርሳቸው ይዘው ከከንፈራቸው አጠገብ ይቆርጣሉ። እኔ ግን ስለቱ ሲነቃነቅ አየሁት፤ መቆለፊያው በደንብ አልያዘም። አማት እየበሉ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል? ሦስተኛውን ሊቆርጡ ሲሉ ሳላስበው እጃቸውን ያዝኩ።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ እንዳይታጠፍብዎት።»

የሚስቴ ወንድም ተቆጣ። «ይሄ መኪና ቢሄድበት አይታጠፍም» ብሎ ሰንጢውን ተቀበላቸውና የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጫን አደረገው። እጥፍ አለ። ጣቱን ለጥቂት ሳተው።

አማቴ ከንፈራቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ሁለቴ ስቆርጥ ምን ትጠብቅ ነበር?»