የእቴነሽ ትምህርት ቤት

ከገንዳ ውሃ ወደ ኮኪት በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት እናት ትንሽ ልጇን ይዛ ከአንዲት አሮጊት ጎን ተቀምጣ ነበር። ወጣቷ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

“ልጄን ላስመዘግብ ነው እማማ! እቴነሽ ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል!”

“እሰይ! እዚያ ምን ያስተምራሉ?”

“የማያስተምሩት ምን አለ! ጠዋት ፊደልና ቁጥር፣ ከሰዓት ችግኝ ማፍላት። ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች፣ የሳሉጎቹ ልጆች እንኳ በዓመቱ መሀል ገብተው ይማራሉ።”

“የሳሉጎቹም?”

“እነሱማ ዋናዎቹ ናቸው! እቴነሽ ራሷ የሳሉግ ወጥ ሠሪ ነበረች አሉ። ልጆቹ እርሻ ዳር ሲንከራተቱ ብታይ ዛፍ ሥር ሰብስባ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ በከሰል እየጻፈች ፊደል ታስቆጥራቸው ነበር።”

“ኋላስ ምን ሆነች?”

“ወባ ገደላት ይላሉ። ነፍሷን ይማር።”

“ወባውስ እውነት ነው። ጎጃም ወስደው አዳኑኝ እንጂ።”

“ማንን?”

“እኔን ነዋ ልጄ። አዲሱን ክፍል መርቁልን ብለው ጠርተውኝ እየሄድሁ ነው።”

“እቴነሽ እርስዎ ነዎት? በሞቴ! ሾፌር፣ አቁም! አይ፣ አታቁም፣ ንዳው! ሰዎች፣ እቴነሽ አልሞተችም! ይኸው እዚህ ናቸው!”

“ኧረ ቀስ፣ ሕፃኗን አስደነገጥሻት። ፊደል ጀምራለች?”

“ገና ናት።”

“እንግዲያ ነይ የኔ እናት፣ ጭኔ ላይ ቁጭ በይ። ሀ በይ።”

“ሀ!”

ሚኒባሷ ኮኪት እስክትገባ እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ ድምፄን ሳላሰማ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያልሁ ተከተልኋቸው።