አንድ ግድግዳ የተጋሩ ሁለት ማሞቂያዎች

ወይዘሮ ሄድቪግ፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከጎኔ ተቀምጣ «አሳጥር» እያለች እግሬን የምትረግጠው ባለቤቴ ኤቴልካ፣ ክቡራትና ክቡራን!

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ወርክሾፓችን እንዲህ ተጠርጎ ሳየው የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። የሚጠረገው እኔ ስሄድ ከሆነ ምነው ቀደም ብዬ ጡረታ በወጣሁ!

እንደምታውቁት እኔ የጋዝ ሰው ነኝ። ዕድሜ ልኬን የከተማችንን የሶልኖክን ቤቶች በጋዝ ቦይለር ሳሞቅ ኖሬያለሁ። በቦይለሩ ትንሿ መስኮት ሰማያዊውን ነበልባል ሳይ ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ምን ላድርግ? ግን ስለ ጋዝ ብቻ አውርቼ ብቀመጥ ኢንጂነር ቦግላርካ በሰላም አትሸኘኝም። ስለዚህ የሁለቱን ወንድማማቾች፣ የእነ አምብሩሽን፣ ክረምት ላጫውታችሁ። አዲሶቹ ያኔ አልነበራችሁም፤ ነባሮቹ ደግሞ እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ መንገድ አጣምማችሁ ነው የምታወሩት።

ቦግላርካ ትምህርቷን ጨርሳ ወደኛ ስትመጣ አፏ ላይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሙቀት ፓምፕ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ሳንድዊቼን ሳልጨርስ ጀመረችኝ።

«ጋሽ ቬንዴል፣ የእርስዎ ቦይለር አንድ እጅ ጋዝ በልቶ አንድ እጅ ሙቀት እንኳ አሟልቶ አይሰጥም። የኔ ፓምፕ ግን አንድ እጅ መብራት ወስዶ ሦስት እጅ ሙቀት ይሰጣል።»

«ትርፉን ከየት አመጣው? ሰርቆ ነው?»

«ከውጭ አየር ነው የሚያመጣው።»

«ከጥር አየር? በረዶ ውስጥ ሙቀት አለ ልትዪኝ ነው?»

«ቤትዎ ፍሪጅ አለ አይደል? ጀርባውን ነክተውት ያውቃሉ?»

«ይሞቃል።»

«ያ ሙቀት ከየት የመጣ ይመስልዎታል? ውስጥ ካስቀመጡት ምግብ እየሳበ ነው በጀርባው የሚለቀው። ፓምፑም እንዲሁ ነው። ግቢውን እያቀዘቀዘ ቤቱን ያሞቃል።»

እኔም በቀላሉ የምሸነፍ አይደለሁምና «መብራቱስ?» አልኳት። «ኃይል ማመንጫው ጋዝ አንድዶ ግማሹን በጭስ ማውጫ እየለቀቀ አይደል የሚልክልሽ?»

«ይልቀቀው! የቀረችውን ግማሽ እኔ በሦስት አበዛታለሁ። ያስሉት እስቲ።»

አሰላሁት። ሒሳቡ ልክ ነበር። ልክ መሆኑን ግን አልወደድሁትም።

በዚያው መከር ሁለት ወንድማማቾች በየፊናቸው ወደ ቢሯችን መጡ። ታላቅየው አምብሩሽ፣ ታናሽየው ላዛር ይባላሉ። አባታቸው ለሁለት ከፍሎ በሠራው ቤት፣ መሀል ለመሀል አንድ ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። ግቢያቸው ውስጥ የነበረውን የዋልነት ዛፍ አንደኛው ሌላውን ሳያማክር ከቆረጠው ወዲህ ግን አይነጋገሩም። ማን እንደቆረጠው ዛሬም አልናገርም፤ ሁለቱም ይህን ንግግር መስማታቸው አይቀርም። አምብሩሽ አዲስ የጋዝ ቦይለር ፈለገ። ላዛር ይህን ሲሰማ ምን ፈለገ? ከጋዝ በስተቀር ማንኛውንም ነገር! ስለዚህ የቦግላርካ ፓምፕ ደረሰው።

አለቃችን ወይዘሮ ሄድቪግ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት ነፋስ፣ አንድ ዓይነት ግትርነት! ከዚህ የተሻለ ማወዳደሪያ ከየት ይገኛል?» አሉ። እናም በሁለቱም ቤት ቆጣሪ እንዲገጠም አዘዙ፤ የሚገባውን ኃይልም፣ የሚወጣውን ሙቀትም የሚለካ። እኔና ቦግላርካም በአነስተኛ ኃይል የሚያሞቀው የማናችን ነው ብለን ተወራረድን። የተሸነፈ በጸደይ ቲሳ ወንዝ ዳር ለሁሉም ሠራተኛ የዓሣ ሾርባ ይሠራል።

ብርዱ ሲጠና ላዛር ደወለ። ቤቱ አልሞቅ ብሎታል! ወርክሾፑ በሳቅ ተናጋ። «ቦጊ፣ ፓምፕሽ ካፖርት ለብሷል ወይ?» የሚለው፣ «ሹራብ ሥሪለት!» የሚለው ብዙ ነበር። ቦግላርካ ፊቷ ቀላ። ለመሳቅ ሞክራ አልሆነላትም። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ጋሽ ቬንዴል፣ አብረን እንየው። እርስዎ ቤት ያውቃሉ» አለችኝ።

ሄድሁ። ውርርድ ሌላ፣ ሰው በእጃችን ላይ እንዲበርደው ማድረግ ሌላ።

ላዛር ሶፋው ላይ ኮፍያውን አጥልቆ ቁጭ ብሏል።

«ስወጣ አጠፋዋለሁ፤ ስመለስ እስከ ጥግ እከፍተዋለሁ። እንደማንኛውም ሰው!» አለን።

«ጋሽ ላዛር፣» አለች ቦግላርካ፣ «ይኼ እንደ ቦይለር ቶሎ ግሎ ቶሎ የሚቀዘቅዝ አይደለም። ለብ ያለ ውኃ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ያዞራል። እባክዎ አይንኩት!»

እኔ ደግሞ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ሙቅ ውኃ የሚዞርባቸው የግድግዳ ራዲያተሮች ትንንሽ ናቸው፤ የፈላ ውኃ ካልገባባቸው ክፍል አያሞቁም። ከወንዙ በኩል ባለው መስኮት ሥር ነፋሱ መጋረጃውን ያወዛውዘዋል። ራዲያተሮቹን በትልልቅ ቀየርን፤ ክፍተቱን ደፈንን፤ ቦግላርካም የውኃውን ሙቀት ዝቅ አደረገችው። ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው። ፓምፑ ውኃውን ብዙ እንዲያሞቅ ባልተገደደ ቁጥር መብራት የሚበላው ያንሳል። በሚቀጥለው ጉብኝታችን ላዛር በሸሚዝ ሆኖ በሩን ከፈተልን። ቦግላርካ መኪናው ውስጥ እስክንገባ ጠብቃ ጮኸች። የደስታ ጩኸት! ጆሮዬ ላይ።

ከዚያ ያ ትልቁ በረዶ መጣ። ሽቦዎቹ ተበጥሰው ሰፈሩ በሙሉ መብራት አጣ። እኔና እሷ በጠዋት ደረስን። አምብሩሽ በሩ ላይ ቆሞ ይጮሃል።

«ጋዝ አለ! ቦይለሬ ለምን ቆመ?»

«ጋሽ አምብሩሽ፣ ውኃውን የሚያዞረውም እሳቱን የሚለኩሰውም በመብራት ነው» አልሁት።

ከአጥሩ ማዶ ላዛር ከት ብሎ ሳቀ።

አምብሩሽ ወደኔ ዞረና «ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ፤ የእሱም ቆሟል በለው!» አለ።

«ለዚያኛውም ንገርልኝ፤» አለ ላዛር፣ «እኔ ግን የአባታችንን የሸክላ ምድጃ አላፈረስሁም በለው!»

አምብሩሽ የራሱን ክፍል ምድጃ ለቴሌቪዥን ቦታ ብሎ አፍርሶታል። እኔም መሀል ቆሜ፣ በሥርዓት፣ «ጋሽ አምብሩሽ፣ ምድጃውን አላፈረስሁም ይላል» አልሁ።

«ሰምቻለሁ! ደንቆሮ አይደለሁም!»

በረዶ ከጣሪያው ላይ ዱብ ሲል ይሰማል። ቦግላርካ እጅጌዬን ጨምድዳ ይዛለች።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለ ላዛር፤ አሁን እኔን አይደለም። «ወንበርህን ይዘህ ና። እኔ ጋ ያለው አንድ ነው።»

አምብሩሽ ገባ። ወንበሩን ተሸክሞ ወጣ። ጉልበቱ ድረስ በረዶ እየጣሰ አጥሩን ዞረ። እኛም ተከተልን፤ ምድጃው ይነድዳል፣ ፓሊንካ የሚባለው የፍራፍሬ አረቄ ተቀዳልን። ሁለቱ ስለዚያ ዋልነት ዛፍ ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን ተጨቃጨቁ። ደስ ሲል! መብራቱ ሲመለስ ቦይለሩ ከግድግዳው ማዶ ሲነሳ ሰማነው። አምብሩሽም ሰማው። ግን አልተነሳም።

በጸደይ ቆጣሪዎቹን አነበብን። ሁለቱ ቤቶች እኩል ሞቀው ከርመዋል። ላዛር የፈጀው መብራት ግን አምብሩሽ ከፈጀው ጋዝ ሲሶውን ያህል ብቻ ነበር። በክፉው ብርድ ሰሞን ፓምፑ ደክሞ ለአንድ እጅ ሁለት እጅ ብቻ ሰጥቷል፤ ይህን ቦግላርካ ራሷ ሳትደብቅ ተናገረች። ማመንጫው የሚያባክነው ተቆጥሮም አሸናፊዋ እሷ ናት። የዓሣ ሾርባውን ሠራሁ። ወንድማማቾቹም መጥተው፣ አንዱ በርበሬው በዛ፣ ሌላው አነሰ ብለው ተጣሉ። ያለ አስተርጓሚ!

ወዳጆቼ፣ ጥሩ ቦይለር ገጥሜ ያሞቅሁት ቤት ሁሉ ያኮራኛል። በዚህ ዕድሜዬ ቦግላርካ ፊት ተማሪ ሆኜ ተቀምጬ የፓምፕ ገጣሚነት ፈተና ማለፌ ደግሞ የበለጠ ያኮራኛል። አመሰግንሻለሁ፣ ልጄ። ፊትሽ በቀላበት ቀን «አብረን እንየው» ባትዪኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ደስታ ያመልጠኝ ነበር።

እንግዲህ ደህና ሁኑ። መሰላላችሁ አይንሸራተት፣ ወገባችሁ አይያዝ። የምታንኳኩት በር ሁሉ በፈገግታ ይከፈትላችሁ። በገባችሁበት ቤት ሕፃን ካልሲውን አውልቆ ይሩጥ፣ ሽማግሌ ካፖርቱን ይስቀል። የናንተም ቤት ከሰው የተነሳ ይሙቅ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኤቴልካ ለቤታችን የሙቀት ፓምፕ አዝዛለች፤ የምትገጥመውም ቦግላርካ ናት። እኔ ግን ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ «እዚያ ጋ ጠመመ! እዚህ ጋ ላላ!» ልል ነው። ከሰኞ ጀምሮ ባልደረባችሁ አይደለሁም፤ ደንበኛችሁ ነኝ። እግዜር ትዕግሥቱን ይስጣችሁ!