የከድጃ ልጅ እቅፌ ውስጥ

ይህን ማውራት ያሳፍራል፤ ግን ልንገራችሁ። የኔንም፣ ግቢያችን ውስጥ የምትኖረው የሶማሌዋ የከድጃንም ልጅ ኩፍኝ በአንድ ሳምንት ያዛቸው። የኔ ሞተ፤ የሷ ዳነ። ሚስቴ እናቷ ዘንድ ሄደች። እኔም ቤተ ክርስቲያን መሳም ተውኩ፤ ብቻዬን ማውራትም ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ከድጃ ልጇን ታቅፋ መጣችና «አቦ፣ ቀፊራ ገበያ ደርሼ እስክመለስ ያዝልኝ» አለችኝ። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ይህን ሰምተው ጮኹ። «አንቺ! አምላኩን ለካደ፣ ጭንቅላቱም ለተነካ ሰው ልጅ ይሰጣል?»

«እውነታቸውን ነው፤ አትስጪኝ» አልኳት። «የኔ የሞተ ቀን፣ ምነው የከድጃ በሆነ ብያለሁ።»

እትዬ ወርቄ አማተቡ። ከድጃ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ጥላኝ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔስ?» አለች። «እናንተ ስታለቅሱ እኔ ወላሂ በሬን ዘግቼ፣ የኔ ስላልሆነ አልሐምዱሊላህ እል ነበር። ከዚያ ለልቅሶ ስመጣ ዓይንህን ማየት አቃተኝ። በል ተቀበለኝ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ልሂድ።»

ልጁን ተቀበልኩት። ክብደቱ የልጄን ያህል ነበር። እንቅልፍ ሲወስደው እንኳ ፊቱን ለማየት አፈርኩ። ከድጃ እስክትመለስ ድረስ እትዬ ወርቄ በርጩማ አውጥተው፣ ዓይናቸውን ከኔ ሳይነቅሉ ጠበቁን። አልተቀየምኳቸውም፤ እኔም ራሴን ስጠብቅ ነበር የዋልኩት።