ዓይኔ የነገረኝ መርዶ

በእኛ ጊዜ ዓይን ሲጠፋ «አረጀ» ይባላል እንጂ «ታመመ» የሚል አልነበረም። ኧረ ማን ሐኪም ያውቃል! ጠበል ትጠመቃለህ፣ ከዚያ ጥግህን ይዘህ ትቀመጣለህ፣ አበቃ። እኔም እንዲያው ነበርኩ። ሞራው ሁለቱንም ዓይኔን ሸፈነውና እናንተን ሁሉ በኮቴና በድምፅ ነበር የማውቃችሁ። ምስር አልለቅም፣ ጥጥ አልፈትል፣ ደጅ ለመውጣት እንኳ ልጄ ዝናሽ እጄን ካልያዘችኝ አልችልም። እሱ ነው የሚያሳፍር፣ ልጆቼ፣ እሱ። ጨለማውስ ይለመዳል።

ታዲያ ዋጃ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሞላ በመጣ ቁጥር ይጨቀጭቀኛል። «እታለም፣ ቆቦ ሐኪሞች መጥተው ሞራ እየገፈፉ ነው፣ ተነሽ!» ይለኛል። «ተወኝ ባክህ፣ ምን ላይ ብዬ ነው?» ስለው፣ «እኔን እይኛ! ወንድምሽ እንዴት ያለ መልከ መልካም እንደሆነ ረሳሽው?» ይላል፣ እና እንስቃለን። በመጨረሻ እሺ አልኩ። ለሌላ አይደለም፣ እሱን ላይ ብዬ ነው። እሱም ፋሻው ሲፈታ ፊት ለፊትሽ እቆማለሁ ብሎ ማለልኝ።

ታዲያ ቀኙን ተገፈፍኩ። በማግስቱ ፋሻውን ሲፈቱት፣ ወይ ብርሃን! ምን ልበላችሁ! መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጥርስ ነው፣ ትስቃለች። ቀጥሎ እጄን አየሁትና «ይሄ ጭምድድ ያለው የማን እጅ ነው?» አልኩ። ወደ ቤት ስንመለስም ባጃጁ ላይ ሆኜ የዞብልን ተራራ አየሁ፣ ማሽላው አሽቶ ሜዳውን ሞልቶታል፣ እና ሹፌሩን «አቁም! አቁም!» እለዋለሁ እንደ ሕፃን። ሞላ ግን የለም። «የታለ?» ስል «ጉንፋን ይዞት ነው» ይሉኛል። ይሁን፣ ጉንፋን ሰው አይገድልም ብዬ ተውኩት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዝናሽ «ጎብዬ ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ በጠዋት ወጣች። ወደ ማምሻው ላይ ተመለሰች። «እማዬ! እንዴት ዋልሽልኝ? ኧረ ሽንኩርቱ እንዴት ተወዷል መሰለሽ!» ትላለች፣ ድምጿ የጨዋታ ነው። እኔ መደብ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ጉንጯ ተቧጥጦ ደሙ ደርቆበታል። ዘንቢል የለ፣ ሽንኩርት የለ። አፏ ገበያ ይላል፣ ልብሷ ለቅሶ ይላል። ለካ እንዳልሰማ ድምፃቸውን ሊጠብቁ ተማክረዋል፤ ማየቴን ግን ረስተውታል! ስንት ዓመት ሙሉ ከእኔ ነገር ሲደበቅ በድምፅ ነበራ።

«ዝናሽ፣ ማነው የሞተው?» አልኳት። «ሞላ ነው?» ስል ጉልበቴ ላይ ወደቀች። «እማዬ፣ እንዳታለቅሺ! ዓይንሽ ይፈሳል!» አለች። ጎረቤቱም ተንጋግቶ ገባና «አታልቅሺ! እሱንም አጥተሽ ዓይንሽንም?» ይለኛል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። እስቲ ፍረዱኝ፣ በእሱ ጭቅጭቅ የተገፈፈ ዓይን ለእሱ እንባ ሲከለክል ምን ይባላል? ለዓይኔ ሳሳሁለት፤ መሳሳቴ ደግሞ አንጀቴን አቃጠለኝ።

እና የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ያቺ የጎጃሟ ልጅ፣ ጠብታ ልታደርግልኝ ስትመጣ ጠየቅኋት። «እማማ፣ እንባ አይጎዳውም» አለችኝ። «የሚጎዳው እጅዎ ነው። እንዳያሹት፣ እንዳያጎነብሱ። እንጂ ወንድምዎን ያልቅሱ።» ተመስገን አልኩ። ዋጃ ወሰዱኝ። ደረቴን እንዳልመታ፣ ዓይኔን እንዳላሽ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ እጄን ይዘውኝ፣ እንደዚያ እንደታሰርኩ ጮኼ አለቀስኩ።

ታዲያ «ፎቶውን አምጡልኝ» አልኩ። አመጡት። ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ ነው። «ይሄ ደግሞ ማነው?» አልኩ። ሚስቱ ቀስ ብላ «እትዬ፣ ሞላ ነው እኮ» አለችኝ። እኔ በልቤ የያዝኩት ጥቁር ጢሙን ነበር። ታናሼ እኮ ነው! እኔ ጨለማ ውስጥ ስቀመጥ እሱ ሸብቷል፣ ማንም አልነገረኝም፣ ያ ቀልደኛ ራሱም አልነገረኝም። ያን ጊዜ ነው ሞላ የሞተብኝ።

ምን አልክ ደርቤ? ባላየሁ ይሻለኝ ነበር ወይ? አይ የልጅ ነገር! ባላይማ ዝናሽ ገበያ ነበርኩ ስትለኝ አምኜ፣ ለሞተ ወንድሜ «ሰላም በሉልኝ» ስል እኖር ነበር። አሁን ምስሬን እለቅማለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ደርሼ እመጣለሁ። ሐዘኑም ቢሆን የራሴ ነው፣ በሰው አፍ የመጣ አይደለም።

ይልቅ አንተ ደርቤ፣ እናትህን ሞራ ሸፍኗት ጥግ ይዛ የለም? ነገ ውሰዳት። «ቆይ፣ ሞራው ይብሰል» የሚሉህን አትስማ፣ ማንጎ አይደል! ሳትሸብት ትይህ። ግን ፋሻው ከመፈታቱ በፊት ይሄን ጢምህን ተላጨው፤ አለዚያ ደንግጣ «ሞራዬን መልሱልኝ!» ትላለች። ኧረ ሳቁ፣ ሳቁ፣ እውነቴን እኮ ነው!